አሥራ አራተኛው ቀፎ

ለወንድሜ ለለሜሳ ጉዩ፣ ማሻ።

እንዴት ነህ? አካም ጅርታ? የምጠይቅህ የአንድ ቀን ሰላምታ አይደለም። አንተ ከሄድክ ወዲህ ዘጠኝ መስከረም ጠብቷል፤ ዘጠኝ ጊዜ እንኳን አደረሰህ ሳልልህ ቀርቻለሁ። ስለዚህ የዘጠኙንም ዓመት ሰላምታ በአንድ ላይ ተቀበለኝ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ክረምት ሲገባ የሚነሳብህ ሳል፣ ደመና ከዛፍ ላይ በማይወርድበት አገር እንዴት አደረገህ? ብርቅነሽስ እንዴት ናት? ወገቧ ተሻላት ወይስ አሁንም እየጎበጠች ነው የምትነሳው? እዚያ የተወለደው ልጅ፣ ታምራት የምትሉት፣ ማንን መሰለ? ከብቶቹስ? ንቦችህስ? ስለ ንቦችህ መጠየቅ እንደማይገባኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጠይቄያለሁ።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ሸዋነሽ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል። ሐኪሙ ደረጃ እንዳትወጪ ቢላት፣ እኛ ቤት ደረጃ የት አለና ነው ብላ እስካሁን ትስቅበታለች። ጤፉ ታጭዷል። ስንዴውን ግን ዋግ መታው፤ ግማሹን ለከብት ሰጠነው። እኔ ሰባ አራት ሞላኝ። ያለ መነጽር ፊደል አይታየኝም፣ ጥርሴም እንደ ደን ጥበቃ ማኅበራችን አባላት አንድ በአንድ እየተንጠባጠበ ነው። ከዚህ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልህ ልጅህ ለንሳ ናት። አምቦ ትምህርቷን ስትጀምር ወደ እኛ ብቅ ማለቷን ነግራህ ይሆናል። ስልክ እያለ ለምን አትደውልለትም አለችኝ። እኔም ነገርኳት፤ ስልክ ላይ ሰው ያሰበውን ትቶ አፉ ላይ የመጣለትን ይናገራል፤ የእኔና ያንተ ጠብ ደግሞ ከዚያው የመጣ ነው አልኳት። ሌላም ምክንያት አለኝ። አንተን ከማኅበሩ ያሰናበተው ወረቀት በእኔ እጅ የተጻፈ ነው። በእጅ የተጻፈ በአፍ አይሻርም። የልጅ ልጄ መቲ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ልጻፍልህ ብትለኝም እምቢ አልኩ። እኔ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ጆንያ ላይ ተቀምጬ የቆጠርኩት ፊደል ይህ ነው፤ አንተንም ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝ። በዚሁ አንብበው።

ነገሩን ከመነሻው ልጻፈው። የሆነውን ሁሉ ታውቀዋለህ፤ እኔ እንዴት እንደማስታውሰው ግን አታውቅም።

በ2008 ታኅሣሥ፣ ያ ዝናብ የከዳን ዓመት፣ ከጭልሞ በላይ ያለው ተረተር ተቃጠለ። ሦስት ቀን በቅጠልና በአፈር ተረባርበን አጠፋነው። ያንተ ቅንድብ ተቃጥሎ ፊትህ እንቁላል መስሎ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሲስቅብህ አንተም አብረህ ትስቅ ነበር። እሳቱን ማን እንደለቀቀው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ማር ሊቆርጥ የወጣ ሰው ችቦ ጥሎ ነው የሚል ወሬ ነበር። ከሰል አክሳይም ሊሆን ይችላል፤ ሲጋራ የጣለ መንገደኛም ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የማላውቀውን እንደማውቅ አድርጌ ጻፍኩ። የማኅበሩ ጸሐፊ ነበርኩና በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ አንቀጽ አሥራ ሁለትን ጨመርኩ፤ «በደኑ ክልል ውስጥ በዛፍ ላይ የተሰቀለ ማንኛውም ቀፎ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይውረድ» አልኩ። «ማንኛውም» የምትለዋን ቃል ከአዋጅ ላይ ነው የተማርኳት። በጣም እወዳት ነበር። አንዴ ከተጻፈች ማንም አያመልጣትም።

ስብሰባው ላይ ከወይራው ሥር ቆመህ የተናገርከውን አንድ ቃል ሳላጎድል አስታውሳለሁ። «ኦቦ፣ ደኑን የምትጠብቀው አንተ ነህ እንዴ? ቀፎው ነው የሚጠብቀው» አልክ። አንዱ ከኋላ ሆኖ፣ «እንግዲያው ለቀፎው የጥበቃ ካፖርት ይሰፋለት!» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አንተ ግን አልተናደድክም። «ሳቁ፣ ግድ የለም። ግን ከእናንተ ውስጥ ቀፎ ያለበት ዛፍ ላይ መጥረቢያ አንስቶ የሚያውቅ ይነሳ!» አልክ። አንድም ሰው አልተነሳም። ያን ጊዜ እኔም ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን «ክርክር በወረቀት ነው፤ ያልጻፈ አይከራከር» አልኩህ። አንተም «ወንድሜ ፊደል ቆጣሪ ነው፤ ፊደል እንጂ ዛፍ አያነብም» አልከኝ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት። ከዚያ በኋላ የሰማሁት የለም። ስለ ደኑ የጀመርነው ነገር ስለ እኔ ሆነ።

አባታችን ያስተማረንን ረስቼው አልነበረም። አባባ ጉዩ ዛፍን በዘር ስሙ ጠርቶ አያውቅም። «የእገሌ ወይራ፣ የእገሊት ኮሶ» ነበር የሚለው፤ ቀፎው የማን እንደሆነ ዛፉም የዚያ ሰው ነበር። የሰው ንብ የሚኖርበትን ዛፍ መቁረጥ ሰው ቤቱ ውስጥ ተኝቶ ሳለ ጣራውን እንደማፍረስ ነው ይለን ነበር። መንግሥት ሲለወጥ፣ ደኑ የማን እንደሆነ በማይታወቅበት ጊዜ ሁሉ፣ ሰው የቆረጠው ቀፎ የሌለበትን ነው። ከጎተራ እህል የሚሰርቅ ሌባ እንኳ ቀፎ ያለበትን ዛፍ ዞሮ ያልፋል። ይህን ከአንተ እኩል አውቀዋለሁ። ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ አልተጻፈም ነበርና እኔ እንደሌለ ቆጠርኩት።

ሌላው ሁሉ ቀፎውን አወረደ። አንተ እምቢ አልክ። በየካቲት ሁለት ጥበቃዎች ይዤ መጣሁ፤ ቀትር ላይ፣ ንብ ለቀሰም በወጣበት ሰዓት። ቀፎ በምን ሰዓት እንደሚወርድ የማያውቅ ሰው ሥራ ነበር፤ እኔ ደግሞ አውቃለሁ። አሥራ ሦስቱ ወረዱ። ከአባባ ዝግባ ላይ ያለው ትልቁ፣ አባታችን ራሱ ከቀርከሃ ሠርቶ በእበት የመረገው፣ ገመዱ ተቆርጦ ወደቀና ተፈረካከሰ። ማሩና እጩ አፈር ላይ ተዘረገፈ። አንተ ተንበርክከህ አውራዋን በጣትህ ስትፈልግ አየሁህ። ንቦቹ ፊትህን እየነደፉህ እጅህን እንኳ አላነሳህም። ሰፈፉን ከነእጩ በጋቢህ ቋጠርክና ተነስተህ ሄድክ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን የምጽፈውን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ቀፎዎችህ አሥራ አራት ነበሩ። አሥራ አራተኛው ከምንጩ በላይ ባለው ዝግባ ጫፍ የተሰቀለው ነበር። ጥበቃው ዓብዲሳ ሊያወርደው ወጣና ከግማሽ ሳይደርስ ዓይኑን ነደፉት። ወርዶ፣ «ኦቦ ኢዶሳ፣ ከፈለግህ ራስህ ውጣና ደንቡን አንብብላቸው!» አለኝ። ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል። እኔ ግን በአሥራ አምስት ቀን ሁሉም ይወርዳል ብዬ በጉባኤ ፊት ተናግሬያለሁ። ቤቴ ገብቼ በቃለ ጉባኤው ላይ «አሥራ አራቱም ቀፎዎች ወርደዋል» ብዬ ጻፍኩና ማኅተም መታሁበት። በዚያው ወረቀት ላይ ከሐዲ ብዬህ የአባልነትህን መሰረዝ ጻፍኩ። ብዙ ጊዜ የሰውን ማመልከቻ በአንድ ነጥብ ጉድለት የመለስኩ ሰው ነኝ፤ እያወቅኩ ውሸት ጽፌ ማኅተም የመታሁት ግን የዚያን ቀን ብቻ ነው። አንተ አሥራ ሦስት መሆናቸውን ቆጥረህ እንደነበር አውቃለሁ። ለማንም አልተናገርክም።

በመጋቢት ጓዝህን ጭነህ ከጊንጪ ስትነሳ ልሸኝህ አልመጣሁም። ከእህል መጋዘኑ ጥግ ቆሜ አውቶቡሱን አየሁት። ለንሳ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ወደ ኋላ ታይ ነበር፤ አሥር ዓመቷ ነበር። እዚያ መቆሜን ለሸዋነሽም ነግሬያት አላውቅም። በኋላ፣ «ለኢዶሳ ንገሩት፤ ባለቤቱን ከቤት አስወጥቶ ቁልፉን ኪሱ ከቶታል» ማለትህን ሰማሁ። ተናደድኩ። ምን ማለትህ እንደሆነ እስኪገባኝ ሰባት ዓመት ፈጀብኝ።

አንተ ከሄድክ በኋላ ሣጥን ቀፎዎች መጡልን። ከደኑ ጫፍ ሜዳው ላይ ደረደርናቸው። ከሩቅ ሲያዩዋቸው የወታደር ሰልፍ ይመስላሉ፤ እኔም በሰልፋቸው ደስ ብሎኝ ነበር። ንቦቹ ግን ነፋሱን አልወደዱትም፣ ግማሹ ባዶ ሆነ። እሱን ተወው። የባሰው ሌላ ነው። ሰው ደን መግባት ተወ። ድሮ ቀፎ ያለው ሁሉ በየሳምንቱ ወጥቶ ሲያይ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ የቱ ቅርንጫፍ ተሰበረ፣ የት ላይ እግር ረገጠ፣ ሁሉንም ያውቅ ነበር። ሴቶቹ ቅዳሜ ቅዳሜ የወደቀ እንጨት ሲለቅሙ ለባለ ቀፎው ያዩትን ይነግሩታል። ማንም ደመወዝ አልከፈላቸውም። ያንን ሁሉ ዓይን በአንድ አንቀጽ አውጥቼ፣ በምትኩ ሦስት ሰው ካፖርት አልብሼ አቆምኩ።

ከዚያ ጊዜው ከፋ። አንተም በሬዲዮ ሳትሰማ አልቀረህም። ጥበቃዎቹ መውጣት ፈሩ፤ አልፈርድባቸውም፣ ልጆች አሏቸው። እኔ ራሴ በዚያ ወቅት ስንት ወር ወደ ተረተሩ አልወጣሁም። ቤቴ ተቀምጬ ከወዲያ የመጋዝ ድምፅ እሰማለሁ። መጀመሪያ በሳምንት አንዴ፣ በኋላ በየቀኑ። በቆርቆሮ ላይ በቀለም የጻፍኩትን «ዛፍ መቁረጥ በሕግ ያስቀጣል» የሚለውን ማስታወቂያ ታስታውሳለህ? የተሰቀለበት ጥድ ሄደ። ቆርቆሮውን አንድ ሰው ግቢ የዶሮ ቤት በር ሆኖ አገኘሁት፤ ያውም ተገልብጦ። ዶሮዎቹ እንኳ አልታሰሩበትም፣ ክፍት ነበር።

በ2015 ጥር ትንሽ ጋብ ሲል ከዘራዬን ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። አባባ ዝግባ ጋ ስደርስ መሬት ላይ ተጋድሟል። ሁለት ሰዎች በትልቁ መጋዝ እየሰነጠቁ ሳንቃ ያወጣሉ። አንዱን አላውቀውም። ሌላው አመለሸጋ ነው፤ ያ ከወንዙ ማዶ ያለው የማኅበራችን አባል፣ ቀፎህን አውርድ ሲባል ከሁሉ ቀድሞ ያወረደው። አይደነግጥም፣ አይሮጥም። መጋዙን ሳይለቅ «አካም ጅርቱ ኦቦ ኢዶሳ፣ ጉልበትዎ ደህና ነው? ይህን ሁሉ ዳገት!» አለኝ። እኔም፣ አንተ የማታፍር፣ ይህ የአባቴ ዛፍ መሆኑን አታውቅም ወይ ብዬ ጮህኩበት። ቀና ብሎ ወደ ላይ አየና፣ ዛፉ ግን ላይ አልነበረም፤ ወደ ተጋደመው ዝቅ ብሎ፣ «ቀፎ አለበት እንዴ?» አለኝ።

«እኔ እናቴ ትሙት ቀፎ ያለበትን ዛፍ አልነካም» አለ። «እርስዎ አውርድ አሉኝ፣ አወረድኩ። ካወረድኩ በኋላ እዚህ ምን ጉዳይ አለኝ? የኔ ወይራ አጠገብ ያለውን ሌላ ሰው ቆረጠው፤ የኔን ማን ሊጠብቅልኝ? እኔም ቆረጥኩ።» ቀጥሎ በጣቱ ወደ ላይ፣ ወደ ምንጩ አመለከተኝና፣ «ያንን ግን ማንም አልነካውም። የለሜሳ ነዋ» አለኝ።

ወጣሁ። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፣ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ከምንጩ በላይ ያለው ተዳፋት ሁሉ ጉቶ ነው። ጥዱ የለም፣ ኮሶው የለም፣ ጉሬዛዎቹ እንደ ዥዋዥዌ የሚጫወቱበት ትልቁ ወይራ የለም። በዚያ ሁሉ ጉቶ መሐል አንድ ዝግባ ቆሟል፤ ከነጺሙ፣ ያ ከቅርንጫፉ ከሚንጠለጠለው ሽበቱ ጋር፣ ከነጥላው። ጫፉ ላይ ያ አሥራ አራተኛው ቀፎ አለ። እበቱ ተላልጧል፣ አፉ ላይ ሸረሪት አድርታለች፣ ንብ ከጠፋበት ዓመታት ሆኖታል። ባዶ ነው። ባለቤቱም አገር ጥሎ ሄዷል። ቢሆንም ሰው መጥረቢያውን ይዞ ከሥሩ ደርሶ፣ ቀና ብሎ አይቶ ተመልሷል። ግንዱ ላይ አንዲት የመጥረቢያ ጠባሳ የለችም፤ በእጄ ዳስሼ ዞሬዋለሁ። ያቆመው የእኔ ደንብ አይደለም። በውሸት ወርዷል ብዬ የጻፍኩት ቀፎ ነው።

ከሥሩ ተቀመጥኩ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉሙ ከዚያ ተረተር እስከ ቀትር አይነሳም እንደነበር ታስታውሳለህ። ዛፎቹ ጺማቸው ላይ አጥምደው ጠብ ጠብ ያደርጉታል፣ ዝናብ ሳይዘንብ መሬቱ ይርሳል፣ ምንጩም ከዚያ ይጠጣል። አሁን ጉሙ ይመጣል፤ የሚያርፍበት ሲያጣ በር እንደተዘጋበት እንግዳ አልፎ ይሄዳል። ምንጩ ቀጥኗል። ሴቶቹ አንድ ጀሪካን እስኪሞላ ተቀምጠው ጨዋታ ይጨርሳሉ። ጨርሶ ያልደረቀው በዚያች አንዲት ዝግባ ነው፤ ከሥሯ ያለው አፈር ዛሬም እጅ ያረጥባል።

ያን ቀን ልጽፍልህ ይገባኝ ነበር። አልጻፍኩም። ልቤ ተሸንፎ አንገቴ እምቢ አለ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በየወሩ ወረቀት አወጣለሁ፣ «ይድረስ» እላለሁ፣ መልሼ አጥፋለሁ። እነዚያን ወራት የሚመልስልኝ የለም። በእነሱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ስንት ዛፍ ሄደ።

ባለፈው መስቀል ለንሳ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ሳያት እናታችን የመጣች መሰለኝ፤ ያው አገጭ፣ ያው ሰውን ቀና ብሎ ማየት። ሸዋነሽ አቅፋት ስታለቅስ እኔ ከብት ውኃ ላጠጣ ብዬ ወጣሁ። በኋላ ስለ አንተ አገር ስትነግረን አመሸች። ዛፎቹ ጫፋቸው ሳይታይ ደመና ውስጥ እንደሚገቡ፣ እዚያ ያሉት ሰዎች ዛፍን በባለ ቀፎው ስም እንደሚጠሩ፣ አንተም ሐረግ ጠፍር አድርገህ ስትወጣ እንደሚያጨበጭቡልህ ነገረችን። «አባቴ እዚያ ሲደርስ፣ ‘አገሬ ደረስኩ’ ብሎ ነው የተቀመጠው» አለች። ይህ አላስከፋኝም ብል ሁለተኛ ውሸት ይሆናል።

በማግስቱ፣ አባቴ የሚያወራለትን ዛፍ አሳየኝ አለችኝ። ይዣት ወጣሁ። እኔ ጉቶዎቹን እንዳታይ በወሬ ልይዛት ስሞክር፣ ድንገት ቆመችና «አባባ፣ ዝም በል» አለችኝ። እኔን ዝም በል ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ዝም አልኩ። ከላይ እ..ም..ም የሚል ድምፅ ይሰማል። ቀና አልን። ከአሥራ አራተኛው ቀፎ አፍ ንብ ይወጣል፣ ይገባል። ከየት የመጣ መንጋ እንደሆነ እንጃ፤ በዚያ አደይ በፈነዳበት ሳምንት ገብቶበታል። ለንሳ አይታኝ፣ «ንቦቹ ደንብህን አላነበቡትም» አለች። ያን ጊዜ ስለ ቃለ ጉባኤው ነገርኳት፣ አሥራ ሦስቱን አሥራ አራት ብዬ እንደጻፍኩ። ሳቀች፣ ስቃ ስቃ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። «ሰው በውሸቱ ይጠፋል፤ አንተ በውሸትህ ልትድን ነው?» አለችኝ። ምላሷ ያንተ ነው።

በጥቅምት ጉባኤ ጠርቼ፣ አንቀጽ አሥራ ሁለት ይሰረዝ፣ ቀፎ ወደ ዛፍ ይመለስ፣ ዛፍም ባለቤት ይኑረው አልኩ። እንዴት እንደሆነ ከዓብዲሳ ዓይን ጀምሮ እስከ ማኅተሙ ድረስ ሁሉንም ቆሜ ተናገርኩ። የሚስቅ ይኖራል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ከሳቁ ይቀለኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ያ አመለሸጋ ተነሳ። «ኦቦ ኢዶሳ፣ ንቡን ያስወጡት እርስዎ፣ የሚያስገቡትም እርስዎ። ሰውየውስ?» አለኝ። ሽማግሌዎቹም ተቀበሉት። ለሜሳ ተቃውሞት የወጣ ደንብ ለሜሳ በሌለበት አይሻርም አሉ። ማንም ሰው የለሜሳ ቀፎ ጉዳይ ሳያልቅ የራሱን አይሰቅልም፤ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ አሉኝ። ለታኅሣሥ ሃያ ቀጠሩን። እስከዚያ ግን ከተረተሩ ማዶ ያለው ክፍል ሁሉ ባለቤት አልባ ነው፤ በጋውም ገብቷል፤ መጋዙም አላረፈም። ስለ ራሴ ብቻ ቢሆን ዝም ብዬ እሞት ነበር።

አሁን ያ ቀፎ ሞልቷል። ኅዳር ነው፣ ማሩ ደርሷል፤ ከሥር ሲቆሙ ይሸታል። ግን በአባታችን ቤት የአንዱን ቀፎ ሌላው አይነካም። ሊቆርጥ የሚወጣው ባለቤቱ ነው፤ አለዚያ ባለቤቱ የራሱን ጠፍር ሰጥቶ የላከው ሰው። የአባባ የዛፍ መውጫ ጠፍር አንተ ጋ እንዳለ ለንሳ ነግራኛለች፤ ግድግዳ ላይ ሰቅለኸው በየዓመቱ ቅቤ ትቀባዋለህ አሉ።

ስለዚህ ወይ አንተ ና፣ ወይ ጠፍሩን ላክ። ጠፍሩን ከላክህ ራሴ እወጣበታለሁ። ሸዋነሽ ይህን መስመር እንዳታነብ።

ሁለት ነገር ግን አልለቅም፣ አስቀድሜ እነግርሃለሁ። አንደኛ፣ ማር ሲቆረጥ ችቦ አይያዝም፤ ጭሱ ክዳን ባለው ሸክላ ውስጥ ይሁን። በእሳት ነገር ልክ ነበርኩ፣ ዛሬም ልክ ነኝ። ሁለተኛ፣ በሕዝብ ፊት ፊደል ቆጣሪ ብለኸኛል። ይህ ጥፋት ነው፤ ታላቅህ ነኝ። እውነት መሆኑ ጥፋትነቱን አያስቀረውም።

ይቅርታ የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ለጎረቤት፣ ለእስረኛ፣ ከሥራ ለተባረረ፣ ማመልከቻ ጻፍልን ላሉኝ ሁሉ። ለራሴ ስጽፈው ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ እጄም አልለመደውም። ለሜሳ፣ ይቅር በለኝ። ስለ አባታችን ቀፎ ይቅር በለኝ። ስለ አውቶቡሱ ቀን ይቅር በለኝ። ከእኔ ይልቅ ለዛፉ ታምነህ ስለቆምክ እኔ አንተን ከሐዲ ብዬ ስለጻፍኩ ይቅር በለኝ።

ለብርቅነሽ ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ ቀፎዎቹ የወረዱ ቀን ከግቢያችሁ ስወጣ ውኃ እንኳ ልጠጣ እንዳልሰጠችኝ አልረሳሁም፣ ልክ ነበረች። ለታምራት አጎትህ ይስምሃል በለው፤ ፊደል ካልጀመረ እስክመጣ ወይም እስክትመጡ አትጀምሩለት፣ እኔ አስቆጥረዋለሁ። በአካባቢህ ላሉት፣ ወንድሜን እንደ ራሳቸው ላኖሩት ሰዎች፣ ስማቸውን ባላውቅም ምስጋናዬን አድርስ። ሸዋነሽ ሰላም ብላሃለች፤ የጎመን ዘርና አንድ ጋቢ በለንሳ ልካለች፤ ጋቢው ያኔ ለማር ቋጥረህ ባበላሸኸው ፈንታ ነው ብላለች። መቲ ሰላም ብላሃለች። ዓብዲሳ አሁንም በተነደፈው ዓይኑ በኩል ቅንድቡን ከፍ አያደርግም፤ እሱም ሰላም ብሎሃል። አመለሸጋ እንኳ፣ ለሜሳን ንገሩት፣ ያንን ዛፍ አልነካሁበትም ብሏል።

ያን የተሰናበትክበትን ወረቀት ከነማኅተሙ ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬዋለሁ። በማኅበሩ መዝገብ ውስጥ የነበረው እሱ ብቻ ነው፤ ቅጂ አላስቀረሁም። ቅደደው፣ አቃጥለው፣ ወይም ቀፎ ስትመርግ ክፍተት ድፈንበት፤ አንተ ታውቃለህ።

ባትመጣም፣ ጠፍሩንም ባትልክ፣ ማሩን ማንም አይቆርጠውም። ንቦቹ ይብሉት። እኔም በየቀኑ ወጥቼ ከሥሩ እቀመጣለሁ፤ ደንብ ስላዘዘኝ አይደለም፣ የወንድሜ ዛፍ ስለሆነ ነው።

ወንድምህ ኢዶሳ ጉዩ
ጊንጪ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.